ከጉድጓድ የወጣ ጨዋታ

ስለ አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ልንጽፍ ነው ብለን ለዚህ መጽሔት አዘጋጅ በነገርነው ጊዜ «ምነው፥ ርእስ ጠፋ እንዴ?» ሲል ጠየቀን። ርእስስ አልጠፋም። ነገር ግን በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር አራት ተማሪዎች ለሦስት ሳምንት ያህል ስንሟገትበት የቈየነው ነገር ይኸው ስለ ሆነ፥ ሌላ ብንጽፍ እጃችን ሲጽፍ ልባችን ሌላ ቦታ ሊሆን ነው። ከአራታችን ይህን የምንጽፈው ሦስታችን ነን፤ አራተኛው ለምን እንዳልገባበት ወደ ኋላ እንገልጻለን። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠራው ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ክርክሩ የተነሣው እንዲህ ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን አልጋው ላይ ተጋድሞ ሲያነብ ቈየና ድንገት ብድግ ብሎ አንድ ወሬ አሰማን። በጁላይ ወር 2021 በአሜሪካ አገር ሄሪቴጅ በሚባለው የሐራጅ ኩባንያ በ1996 የወጣ ሱፐር ማሪዮ 64 የተባለ አንድ ጨዋታ በ1,560,000 ዶላር ተሸጧል። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደግሞ ዘ ለጀንድ ኦቭ ዜልዳ የሚባለው በ870,000 ዶላር ተሽጦ ነበር። ሁለቱም ከፋብሪካ እንደ ወጡ በፕላስቲክ ታሽገው የኖሩ፥ ማንም ያልከፈታቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ዕቃ መርምሮ እንደ ፈተና ወረቀት ከ10 ማርክ የሚሰጥ ድርጅትም አለ። ማሪዮው ያገኘው ማርክ 9.8 ነው። (ከመምህሮቻችን አንዳቸውም እንዲህ ያለ ማርክ ሲሰጡ አላየንም።) ማርኩን ካገኘ በኋላ በጠንካራ ፕላስቲክ ሣጥን ይዘጋበታል፤ ገዢው ከፍቶ ቢጫወትበት ዋጋው በዚያው ደቂቃ ይወድቃል። ጨዋታ ሆኖ የሚከበረው እስካልተጫወቱበት ድረስ ነው ማለት ነው።

«ይህማ ምን ይገርማል» አለ የኢንጂነሪንግ ተማሪው። «እዚያው አሜሪካ ከቈሻሻ ጉድጓድ ተቈፍሮ የወጣ ጨዋታ ከነዐፈሩ ተሽጦ የለም ወይ? ያውም በዓለም ላይ ከተሠሩት ጨዋታዎች ሁሉ የከፋው! አታሪን የሚያህል ኩባንያ የገደለው!» ኢ.ቲ. የተባለውን ማለቱ ነበር። እኛም «አዎን፥ እርሱማ የታወቀ ነው» አልን። ስለ ክፋቱ አንዱ በሰማው ላይ ሌላው እየጨመረበት ጥቂት ሣቅን። አራተኛው ጓደኛችን፥ የታሪክ ተማሪውና ዝምተኛው፥ መጽሐፉን አጠፈና «ለመሆኑ ከእናንተ መካከል የተጫወተው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

አልነበረም። ኢ.ቲ.ን መጫወት ይቅርና የአታሪን መሣሪያ በዐይኑ ያየ ከመካከላችን አልተገኘም። አታሪ ገናና በነበረበት ዘመን ወላጆቻችንም ገና ልጆች ነበሩ። እኛ የምናውቀው በሰፈር የፕሌይስቴሽን ቤት ተራ ጠብቀን፥ ሒሳብ ከፍለን የተጫወትነውን የእግር ኳስ ነው። ታላቅ ወንድም ያለው ደግሞ ካሴት እየተሰካበት የሚሠራውን የማሪዮ መጫወቻ ያስታውሳል። (አሜሪካኖቹ ካርትሪጅ የሚሉትን እኛ ካሴት ስንለው ስላደግን በዚህ ጽሑፍም ካሴት እንለዋለን።) ታዲያ ያላየነውን ነገር ክፉ መሆኑን በምን አወቅነው? ለዚህ መልስ ስላጣንለት ከዚያ ማታ ጀምሮ ታሪኩን መፈለግ ያዝን።

አታሪ ያንን የቤት መጫወቻ ለገበያ ያወጣው በ1977 ነው። ኩባንያው የዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ንብረት ነበር፤ በ1982 መጀመሪያ ላይም ለባለቤቱ ገንዘብ እንደ ጐርፍ ያስገባ ነበር። በዚያው ዓመት በጁን ወር የሚስተር ስቲቨን ስፒልበርግ ኢ.ቲ. የተባለው ፊልም ወጣ። ከሌላ ዓለም መጥቶ በምድር ላይ ጠፍቶ የቀረ፥ ወደ አገሩ ለመመለስ የሚናፍቅ አንድ መልከ ጥፉ ፍጡር ኤሊየት ከተባለ ልጅ ጋር ስለ መሠረተው ወዳጅነት የሚተርክ ነው። ሕዝብ እያለቀሰ ወደደው። የዋርነር አለቆችም ከፊልሙ ጨዋታ የመሥራትን መብት ለማግኘት ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር እንደ ከፈሉ በሰፊው ተጽፏል። ውሉ ያለቀው በጁላይ መጨረሻ ነው። ጨዋታው ለገና ገበያ እንዲደርስ ከተፈለገ ደግሞ ፕሮግራሙ በሴፕቴምበር 1 ቀን ተሠርቶ ማለቅ አለበት።

በዚያ ዘመን አንድ ጨዋታ ለመሥራት ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር። ለኢ.ቲ. የተሰጠው አምስት ሳምንት ነው።

ሥራው የተሰጠው ለሚስተር ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ ነበር። ሚስተር ዋርሾ ያርስ ሪቬንጅ የሚባለውን ጨዋታ፥ ቀጥሎም ከሌላ የሚስተር ስፒልበርግ ፊልም የተወሰደውን ሬይደርስ ኦቭ ዘ ሎስት አርክን የሠሩ የተመሰገኑ ወጣት ባለሙያ ነበሩ። «ይቻላል ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ «ይቻላል» አሉ። ተገደው ሳይሆን ወደውና ኰርተው እንደ ተቀበሉት ራሳቸውም አልደበቁም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሐሳባቸውን ለሚስተር ስፒልበርግ ባቀረቡ ጊዜ ሚስተር ስፒልበርግ እንደ ፓክ ማን ያለ ነገር ብትሠራ አይሻልም ወይ ብለዋቸው እንደ ነበር ይነገራል። ሚስተር ዋርሾ ግን ሰው ያላየውን ነገር መሥራት ፈለጉ። የመሥሪያው ኮምፒዩተር ቤታቸው ድረስ ተተከለላቸውና ቀንና ሌሊት ይሠሩ ጀመር።

መሣሪያው ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበር የኢንጂነሪንግ ተማሪው ሲያስረዳን ያላመንነው ሁለት ጊዜ አስደገምነው። የአታሪ መጫወቻ በሥራ ላይ እያለ ነገር የሚያስታውስበት ቦታ 128 ባይት ብቻ ነው። አንድ ፊደል በአንድ ባይት ብንቈጥር ከዚህ አንቀጽ ሁለት መሥመር እንኳ አይይዝም። የኢ.ቲ. ፕሮግራም በጠቅላላው 8 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ከዚህ ብዙ መቶ ጊዜ ትበልጣለች። በዚህች ጠባብ ቦታ ሚስተር ዋርሾ ጫካ፥ ሜዳ፥ ከተማ፥ ጉድጓድ፥ የሚያሳድድ ሳይንቲስት፥ የሚዘርፍ የመንግሥት ሰላይና የሚረዳ ልጅ አስገቡበት። ስድስቱ ሥፍራዎች እንደ ዛኅራ ስድስት ፊት እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው፤ ባንዱ ወጥተው ሲሄዱ በሌላው ይገባሉ።

አንድ ቅዳሜ ማታ አሮጌውን መሣሪያ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም በላፕቶፕ ላይ ተጫነና አራታችንም ዙሪያውን ከበብን። መጀመሪያ የኢኮኖሚክስ ተማሪው ያዘ። ኢ.ቲ. ከመርከቡ ወርዶ ጥቂት እንደ ተራመደ ጉድጓድ ገባ። አንገቱን አስረዝሞ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ አፋፉ ላይ ደርሶ አንድ እርምጃ ሲያነሣ ተመልሶ ገባ። እንደ ገና ወጣ፤ እንደ ገና ገባ። በሦስተኛው ጊዜ ከጐረቤት ክፍል «ዝም በሉ» እስኪባል ድረስ ሣቅን። ሁለተኛው ሰው ያዘ፤ እርሱም ገባ። ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ «እነሆ፥ ወሬው እውነት ነው» ብለን ልንዘጋው ነበር።

የታሪክ ተማሪው ግን በ1982 ከካሴቱ ጋር ይሸጥ የነበረውን የመመሪያ መጽሐፍ ቅጂ ከኢንተርኔት አውጥቶ በጸጥታ ሲያነብ ነበር። «ጉድጓዱ ውስጥ መግባት አለብህ እኮ» አለ። ለካስ ኢ.ቲ. ወደ አገሩ የሚደውልበት የስልክ ዕቃ በሦስት ተከፍሎ የተሰወረው በጉድጓዶቹ ውስጥ ነው። በማያው ራስጌ ላይ እየተለዋወጠ የሚታየው ምልክትም ጌጥ አይደለም፤ በዚያች በቆምክባት ቦታ ኢ.ቲ. ምን ለማድረግ ኀይል እንዳለው የሚነግር ነው። አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ዕቃ መኖሩን ያሳያል፤ አንደኛው ኤሊየትን ይጠራል፤ አንደኛው አሳዳጁን ወደ መጣበት ይሰዳል። በሜዳው የተበተኑት ነጠብጣቦች ከረሜላ ናቸው፤ በ9,999 ጀምሮ በየእርምጃው የሚያልቀውን ጕልበት ይመልሳሉ። ሳይንቲስቱና ሰላዩ የማይገቡበት ቀለል ያለ አማራጭም አለ። ይህ ሁሉ በመጽሐፉ ተጽፏል። እኛ ግን ያለ መጽሐፍ ገብተን ነበር፤ እንደ ተለመደው።

ፍርዳችንን በግልጽ እንናገር። ኢ.ቲ. መልካም ጨዋታ ነው ለማለት አይቻልም። ጉድጓዱ ያናድዳል፤ የሚያናድድበትም ምክንያት የታወቀ ነው። ሥዕሉ ከጐን የታየ ሲመስል ፕሮግራሙ የሚቈጥረው ግን ከላይ እንደ ታየ አድርጎ ስለ ሆነ፥ የኢ.ቲ. እግር ጠንካራ መሬት ላይ ሳለ ራሱ የጉድጓዱን ጫፍ ቢነካ ይወድቃል። በ2013 አንድ ባለሙያ ከፕሮግራሙ ጥቂት ቍጥሮች ለውጦ ይህን ጉድለት አቃንቶታል። አንድ ሳምንት ቢጨመርላቸው ኖሮ ሚስተር ዋርሾ ራሳቸው ያቃኑት ነበር ብለን እናምናለን። ቢሆንም የዓለም መጨረሻ የከፋ ጨዋታ ነው የሚለው ስም በምንም መንገድ አይገባውም። እኛ ብቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዚህ የከፉ ሦስት የስልክ ጨዋታዎች አውርደን አጥፍተናል።

አታሪን ገደለው የሚለውስ? ኢ.ቲ. ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ለብዙ ጨዋታ ይህ ታላቅ ዕድል በሆነለት ነበር። የተሠራው ግን አራት ሚሊዮን ያህል እንደ ነበር ይነገራል። ይህን ቍጥር የወሰኑት ጨዋታውን የሠሩት ሰው አይደሉም። በዚያው ዓመት አታሪ ያወጣው ፓክ ማንም ከሚገባው በላይ ተመርቶ ሱቅ ውስጥ ተከምሮ ቀርቷል። ማንም እየተነሣ ካሴት የሚያወጣበት ጊዜ ስለ ነበር ነጋዴው የማይሸጠውን ሁሉ ይመልስ ጀመር። በዲሴምበር 1982 ዋርነር ትርፉ እንደ ታሰበው እንደማይሆን ባስታወቀ ጊዜ የአክሲዮኑ ዋጋ ወደቀ፤ በ1983 የአታሪ ኪሳራ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ፤ በ1984 የቤት መጫወቻውና የኮምፒዩተሩ ክፍል ተሸጠ። በ1983 3.2 ቢሊዮን ዶላር የነበረው የአሜሪካ የጨዋታ ገበያ በ1985 ወደ 100 ሚሊዮን ወርዶ ነበር ይባላል። በ1985 ኒንቴንዶ ወደዚያ ገበያ ሲገባ ከዚህ ተምሮ ሌሎች ኩባንያዎች በዓመት ከአምስት ጨዋታ በላይ እንዳያወጡለት ገደባቸው። ዛሬ በሚሊዮን የሚሸጠው ማሪዮ የመጣው በዚህ በር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፥ አለቆቹን የፈራ ሁሉ ኢ.ቲ.ን ይመታል።

ወደ ጉድጓዱ እንመለስ፤ ማለት ወደ እውነተኛው። በሴፕቴምበር 1983 አታሪ በቴክሳስ በኤል ፓሶ መጋዘን የተከመረበትን ዕቃ በጭነት መኪና እያስጫነ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ ወደምትባል ከተማ የቈሻሻ መጣያ ወሰደና አስቀበረ። የሰፈር ልጆች እየገቡ መልቀም ስለ ጀመሩ በላዩ ሲሚንቶ ተደፋበት። ጋዜጦች ጽፈውት ነበር፤ ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ነገሩ ተረት ሆነ። አንዱ «በሚሊዮን የሚቈጠር ኢ.ቲ. ተቀብሯል» ሲል ሌላው «ፈጽሞ ያልሆነ ነው» ይል ነበር። ይህ ሠላሳ ዓመት ቈየ።

በአፕሪል 26 ቀን 2014 ጉድጓዱ ተከፈተ። ቦታውን ያጠኑት በከተማዪቱ የቈሻሻ ሥራ የነበራቸው ሚስተር ጆ ሌዋንዶስኪ የተባሉ ሰው ናቸው፤ ፊልም የሚያነሡም ነበሩ። በነፋስና በአቧራ መካከል መቈፈሪያው መኪና የመጀመሪያዎቹን ካሴቶች አወጣ። ኢ.ቲ. በእርግጥ ነበረበት፤ ግን ብቻውን አልነበረም፤ አታሪ ኰርቶባቸው የነበሩ የተወደዱ ጨዋታዎችም አብረውት ተቀብረው ተገኙ። ቀብሩን ያስፈጸሙት የአታሪ ሹም የተቀበረው 728,000 ያህል እንደ ነበር በዚያ ቀን ተናገሩ። የወጣው ወደ 1,300 ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው እዚያው አለ።

ከተማዪቱም ካሴቶቹን ቈጠረች፥ እያንዳንዱን በቍጥር መዘገበች፥ የምስክር ወረቀት አዘጋጀችለትና በኢቤይ ሸጠች። 881 ካሴት ተሽጦ 107,930 ዶላር ገደማ ገባ። ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያወጣው በ1,535 ዶላር ሄደ። አንዱ ኢ.ቲ. በዋሽንግተን ለስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ተሰጥቶ በአሜሪካ ታሪክ ዕቃዎች መካከል ተመዘገበ።

የክርክራችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ጨዋታውን ለመጫወት የሚፈልግ ሰው ያልተቀበረና ንጹሕ የሆነውን የኢ.ቲ. ካሴት በጥቂት ዶላር ይገዛዋል፤ ብዙ ስለ ተሠራ ዛሬም ሞልቷል። ከጉድጓድ የወጣው ግን የተጨማደደ፥ የሸተተ፥ ቢሰኩት ሊሠራ የማይችል ሆኖ ሳለ ብዙ እጥፍ ያወጣል። የኢኮኖሚክስ ተማሪው «ጥቂት ስለ ሆነ ነው» ይላል። እኛ ሁለታችን ግን ይህ አይበቃም እንላለን፤ 700,000 ያህል በተቀበረበት ቦታ ጥቂትነት በቍፋሮ ብቻ የመጣ ነውና። የተገዛው ዐፈሩ ነው። የታሸገው ማሪዮ ንጽሕናውን ይሸጣል፥ የተቀበረው ኢ.ቲ. እድፉን ይሸጣል፤ ሁለቱንም የገዛ ሰው አይጫወትባቸውም። ይልቁንም የሚያስቀው፥ ያ «ከሁሉ የከፋ» የሚለው ሐሜት ባይኖር ኖሮ የሚቈፍረው ሰው ባልተገኘ ነበር። ሐሜቱ ካሴቱን አስከበረው። ሰውየውንስ?

ሚስተር ዋርሾ በዚያ ቀን ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ነበሩ። ካሴቱ ወጥቶ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ዐይናቸው እንባ ሞልቶ በፊልሙ ላይ ይታያሉ። አታሪን ከለቀቁ በኋላ ብዙ ዓይነት ሥራ ሞክረው፥ በመጨረሻ በካሊፎርኒያ የሰውን ጭንቀት እየሰሙ የሚያክሙ የሥነ ልቦና አማካሪ ሆነዋል። ስለ ዘመናቸውም በ2020 መጽሐፍ አሳትመዋል። ያርስ ሪቬንጅ ከምርጦቹ፥ ኢ.ቲ. ከመጥፎዎቹ ስለሚቈጠር እንደ እኔ ስፋት ያለው ሠሪ የለም እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልድ ማድረግ እስኪችሉ ድረስ ስንት ዓመት እንደ ፈጀባቸው እያሰብን ዝም ያልንበት ማታ ነበር።

ዝም ያልነው ለሌላም ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ላይ አራታችንም በአንድ ቡድን ተመድበን ነበር። የተሰጠን ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው። አምስቱን ሳምንት በ«ነገ እንሰበሰባለን» አሳለፍነው። በመጨረሻ የታሪክ ተማሪው «እኔ እጽፈዋለሁ» አለና በአራት ሌሊት ብቻውን ጻፈው። እኛ ሦስታችን አንብበን ሳንጨርስ ስማችንን ፈረምንበት። ማርኩ መጥፎ ሆነ። በዚያን ጊዜ «ያበላሸው እርሱ ነው» ብለን በመኝታ ቤቱ ሁሉ አወራን፤ የሰሙትም ወረቀቱን ሳያዩ አመኑን። በተከታዩ ሴሚስተር በሌሎች ትምህርቶች ቡድን ሲመሠረት የሚወስደው ሰው አጥቶ መጨረሻ ላይ ይመደብ ነበር። እርሱ አንድ ቀን እንኳ አንሥቶብን አያውቅም። «ለመሆኑ የተጫወተው አለ?» ብሎ ሲጠይቀን ግን ስለ ካሴት ብቻ እየጠየቀ እንዳልነበረ የገባን ዘግይቶ ነው።

ያንን የቡድን ወረቀት ፈልገን አገኘነውና ሦስታችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብነው። ሦስተኛው ክፍል የተቻኰለ ነው። የቀረው ከእኛ አቅም በላይ ነው። ይህን ነግረነዋል፤ ይቅርታም ጠይቀነዋል። ከእኛ ጋር እንዲጽፍ ስንለምነው እንቢ አለ፤ ጽሑፉን ከመስጠታችን በፊት ግን አሳየነው። ሁለት የፊደል ስሕተትና አንድ ዓመተ ምሕረት አርሞ መለሰልን።

ባለፈው እሑድ ኢ.ቲ.ን አገሩ ያስገባው እርሱ ነው። ሦስቱን የስልክ ዕቃ አሰባስቦ፥ ደውሎ፥ ጫካው ውስጥ ሰዓቱ እየቈጠረ ሲጠብቅ ሳይንቲስቱ ከወደ ቀኝ ብቅ አለ፤ እኛም ከእርሱ በላይ ጮኽን። መርከቡ መጥቶ ወሰደው። የኢኮኖሚክስ ተማሪው ወዲያው ከተቈፈሩት ካሴቶች 297ቱ ሳይሸጡ ለወደፊት ተቀምጠው እንደ ነበር አስታወሰንና፥ አንዱ ለሽያጭ ቢወጣ ለአራት አዋጥተን እንግዛ ወይ ብሎ ጠየቀ። ኪሳችንን ዳሰስን። የታሪክ ተማሪው ላፕቶፑን እየዘጋ «መሰኪያውስ የት አለ?» አለን።